መጀመሪያ ውሃውን ጠጣ

ከኢትዮጵያ የሚመጣ አዲስ አገልጋይ ልቀበል ነጋድ ባቡር ጣቢያ ስቆም፣ ሻንጣውን ከመያዜ በፊት የማየው ከንፈሩን ነው። ደርቆ ከሆነ ውሃ እሰጠዋለሁ። ለመናገር የቸኮለ ከሆነም ውሃ እሰጠዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ነው። ዕድሜው ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርቱን ገና ጨርሷል፤ ጉባኤው ጸልዮ፣ እናቱ አልቅሳ ሸኝተውታል፤ መንገዱን ሁሉ የመጀመሪያ ስብከቱን በልቡ ሲያሰናዳ ነው የመጣው። ጅቡቲ ግን የመጀመሪያውን ቃል ከእሱ አትጠብቅም። ከፉርጎው እንደ ወረደ ቀድማ የምትናገረው እሷ ናት፤ ንግግሯም ሙቀት ነው።

የምናገለግለው በዚህች ከተማ በአማርኛ የሚያመልኩ ኢትዮጵያውያንን ነው፦ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶችን፣ ከባድ መኪና የሚያሽከረክሩ ወንድሞችን፣ በግንባታና በወደብ ዙሪያ የቀን ሥራ የሚሠሩ ልጆችን። ሥራዬን ለማያውቅ ሰው «ወንጌላዊ ነኝ» ስል ወዲያው ስብከት ይታየዋል። እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ ዓመታት በኋላ ሙያህ ምንድን ነው ብባል «ሰው ቤት መግባት» ብዬ እመልሳለሁ። ሰው ቤት መግባት እንደ ሽመና፣ እንደ አናጢነት የሚለመድ ሙያ ነው። እጅ ይፈታበታል፤ ስህተቱም ጨርቅ ወይም እንጨት ሳይሆን ሰው ያበላሻል። ከሁሉም የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ናቸው።

እኔ የመጣሁት ከደሴ ነው፤ ጋቢ ከሚለበስበት አገር። በደረስኩ ማግስት ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ማዶ ባልባላ ወዳለ አንድ የቆርቆሮ ቤት ወሰዱኝ። ባለቤቷ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው፣ በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ ያረጁ እናት ናቸው። በብርጭቆ ውሃ አቀረቡልኝ። እኔ ብርጭቆውን ወደ ጎን አድርጌ መጽሐፌን ከፈትኩ። የመጀመሪያ ቤቴ ስለ ነበረች ጊዜ ማባከን አልፈለግሁም። እትዬ እጃቸውን በመጽሐፉ ላይ በቀስታ አሳረፉና «ልጄ፣ መጀመሪያ ውሃውን ጠጣ። ቃሉ የትም አይሄድም፤ ውሃው ግን ይሞቃል» አሉኝ።

ጠጣሁ። ጨው ጨው አለኝ፤ ፊቴም ሳልፈልግ ተኮማተረ። የከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ጨዋማ መሆኑን፣ አሁን ደግሞ ከድንበር ማዶ፣ ከሶማሌ ክልል ከሃደጋላ አካባቢ፣ በቧንቧ ውሃ እንደሚመጣላት የተማርኩት ኋላ ነው። የዚያን ቀን የገባኝ ሌላ ነገር ነው። እኚህ እናት ያላቸውን ሰጥተውኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ የያዝኩትን ለመስጠት ስጣደፍ የተሰጠኝን ገፍቼ ነበር። በሉቃስ ወንጌል ሰባዎቹ ሲላኩ ከረጢት እንዳይዙ፣ በተቀበላቸው ቤት እንዲቀመጡ፣ የቀረበላቸውን እንዲበሉ መታዘዛቸውን በትምህርት ቤት ተፈትኜበት ሙሉ ነጥብ አግኝቼ ነበር። ትርጉሙን ግን ያገኘሁት ባልባላ ነው። የተላከ ሰው ባዶ እጁን የተላከው አስቀድሞ ተቀባይ እንዲሆን ነው። ውሃውን ያልጠጣሁላቸው እናት ቃሌን የሚሰሙበት ምክንያት የላቸውም።

ጅቡቲ ደግሞ እንግዳ መመዘን ታውቅበታለች። ፈረንሳዮች በ1880ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በባሕሩ አፋፍ ከቆረቆሯት ጀምሮ ከተማዋ በመጤ የተሠራች ናት። እ.ኤ.አ. በ1897 የባቡር ሐዲዱ ሥራ ተጀመረ፤ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። አዲስ አበባ ላይ «ለገሃር» የምንለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው የጣቢያ መጠሪያ የመጣ ነው። እዚህ መሃል ከተማ ያለው አደባባይ ዛሬ የነጻነት ቀኑን፣ ጁን 27 ቀን 1977ን፣ ስም ቢይዝም ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «ምኒልክ» ይለዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1936 ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ወደ ስደት ሲያመሩ በዚችው ከተማ በኩል ነው ያለፉት። ነጋዴም፣ ወታደርም፣ ስደተኛም፣ ሰባኪም አይታ የጠገበች ከተማ ናት። በያዝከው ሻንጣ አትገረምም። ቁጭ ማለት መቻልህን ግን ታያለች።

ስለዚህ ለአዲሶቹ ያወጣሁት የመጀመሪያ ሥርዓት ይህ ነው፦ ሁለት አርብ አይሰብኩም። በሁለቱ ሳምንታት ሥራቸው መቀበል ነው። ውሃ በአማርኛ፣ ቢዮ በሶማሊኛ፣ ሌ በአፋርኛ፣ ኦ በፈረንሳይኛ፤ በአራት ቋንቋ ውሃ መለመንና ማመስገን ይማራሉ። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላል ያገሬ ሰው። የዚህን አገር መሬት ለማረስ የሚፈልግ ከዚህ አገር ሰው መማሩን አያፍርበትም። ሱቅ ሄዶ ዳቦ ሲገዛ እንደ ተማሪ የሚንተባተብ አገልጋይ፣ ባለሱቁ ሊያግዘው የሚችል ሰው ሆኖ ይታያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለሱቁ ስሙን ያውቃል።

ሁለተኛው ትምህርት ሰዓት ነው፤ እኔ ይህን የተማርኩት በሌላ ሰው ኪሳራ ነው። በመጀመሪያው ሳምንቴ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህት «አርብ 5 ሰዓት ና» ብላ መልእክት ላከችልኝ። በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ደርሼ በሩን አንኳኳሁ። እሷ ግን ያለችው በአሠሪዎቿ አቆጣጠር ነበር፤ እኛ ከቀኑ 11 የምንለውን። ቤተሰቡ ለአርብ ጸሎት ሲዘጋጅ፣ ምሳ ሲጣድ፣ የማይታወቅ ወንድ ልጅ በር ላይ ቆሞ የሠራተኛቸውን ስም ጠራ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመገመት አይከብድም፤ ተቆጧት፤ የዚያን ቀን ዕረፍቷም ቀረ። በወር ውስጥ ከነበሯት ጥቂት ነጻ ሰዓቶች ትልቁን እኔ አጠፋሁባት። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እሷም ይቅር አለችኝ። እኔ ግን አልረሳሁትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «በማን ሰዓት?» ብዬ ሳልጠይቅ ቀጠሮ አልያዝኩም። ጥያቄው ከሰዓት ቆጠራ ያለፈ ነው። በሰው ቤት የምትሠራ እህት የምትኖረው በሌላ ሰው ሰዓት ነው። የምትነቃው ሌላው ሲፈልጋት ነው፤ የምትተኛውም ሌላው ሲተኛ ነው። በሩም የእሷ ስላልሆነ የሚንኳኳ በር የላትም። ስለዚህ እሷን መጎብኘት ማለት በዕረፍቷ ቀን ከጓደኞቿ ጋር በተከራዩት ክፍል፣ ቡና በሚያፈሉበት ሰዓት፣ እነሱ ሲጠሩ መገኘት ነው። ካልጠሩ አለመሄድም አገልግሎት ነው።

ከተማዋም የራሷ ሰዓት አላት። አርብ ዕረፍት፣ እሑድ የሥራ ቀን ነው። ጉባኤያችንም በዚሁ ምክንያት አርብ ይሰበሰባል። አዲስ ልጅ የመጀመሪያውን እሑድ በሥራ ግርግር ውስጥ ሲያሳልፍ ግራ ይገባዋል፤ አንድ ነገር የጎደለበት ይመስለዋል። ከቀትር በኋላ ወደ 7 ሰዓት ገደማ ጫቱ ከኢትዮጵያ ይገባል፤ መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ይንጫጫል፤ ከዚያ ሱቁም መንገዱም ጸጥ ይላል። ሰው ወይ በርጫ ላይ ነው፣ ወይ ተኝቷል። በሞቃቶቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋ ይዞ ሲመጣ፣ በዚያ ሰዓት የሰው በር ማንኳኳት ድፍረት ነው። አዲሱ አገልጋይ ትጋቱን ለማሳየት በጠራራ ፀሐይ ልውጣ ይላል። «ተኛ» እለዋለሁ። ከተማው ሲያርፍ አብሮ ማረፍ ከሰው ጋር አንድ መሆን ነው፤ 10 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲበርድ አብረን እንወጣለን።

«አብረን» የምለው አውቄ ነው። ወደ ጅቡቲ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ በደረታቸው ጥቁር የስም ሰሌዳ አድርገው ጥንድ ጥንድ የሚሄዱ ወጣቶች አይቼ ነበር። በተለምዶ ሞርሞን የሚባሉት፣ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ሚስዮናውያን ናቸው። በትምህርተ እምነት እኔንና እነሱን የሚለያየን ብዙ ነው፤ ይህን አልሸፍንም። የሥራ ሥርዓታቸውን ግን በአክብሮት አጥንቻለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ወንዶቹ ከ18 ዓመታቸው መሄድ ይችላሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ እስከ 2025 ድረስ ከ19 ዓመታቸው ነበር። ወንዶቹ 24 ወር፣ ሴቶቹ 18 ወር ያገለግላሉ። የሚሄዱበትን አገር አይመርጡም፤ ይመደባሉ። ሌትም ቀንም ከተመደበላቸው ባልንጀራ አይለዩም። ለብዙ ዓመታት ወደ ቤታቸው ስልክ የሚደውሉት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ በየሳምንቱ የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው የስም ሰሌዳቸው ነው። የ19 ዓመቱ ልጅ ደረት ላይ «ኤልደር» ይላል፤ በእኛ ቋንቋ ሽማግሌ ማለት ነው። መጀመሪያ ሳየው ከበደኝ፤ ጢም ያላወጣ ልጅ እንዴት ሽማግሌ ይባላል? ቆይቼ ሳስበው ግን ይህ ቃል ለእኛ ሙያ ትልቅ ትምህርት ሆነኝ። ባገራችን ሽማግሌ ማን ነው? የተጣሉትን ለማስታረቅ ዛፍ ሥር የሚቀመጥ፣ አንደኛውን ወገን እስከ መጨረሻው የሚሰማ፣ ቀጥሎ ሌላውን የሚሰማ፣ ከዚያም ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር የሚመክር፣ በመጨረሻ ጥቂት የሚናገር ነው። ሳይሰማ የሚፈርድ ሽማግሌ፣ ጸጉሩ ቢነጣም ሽማግሌ አይደለም። እንግዲያው አንድ ወጣት በሩቅ አገር በመጀመሪያ ቀኑ ሽማግሌ መባል ካለበት፣ ሊኖርበት የሚችለው አንድ መንገድ መስማት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በ77ቱ ድርቅ ወቅት፣ ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የዚያ ቤተ ክርስቲያን አባላት በአሜሪካና በካናዳ ለተራቡት ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ሰጡ፤ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ቃላቸው አገራችን ከመድረሱ በፊት ጾማቸው ደረሰ ማለት ነው። ሰው ያመነውን ለመናገር ሲሄድ እንዲህ ያለ ነገር ቀድሞት ቢሄድ ምንኛ መልካም ነው።

ባልንጀራን በተመለከተ የእኔ ልምድ ይህ ነው። በማርቆስ ወንጌልም ደቀ መዛሙርቱ የተላኩት ሁለት ሁለት ሆነው ነው። ሁለት የሚሆኑት አንዱ ሲናገር አንዱ እንዲሰማ ነው። እኔና አዲሱ ልጅ አንድ ቤት ገብተን ስንወጣ፣ መንገድ ላይ «ምን አልኩ?» ብዬ አልጠይቀውም፤ «ምን አየህ?» እለዋለሁ። ቬንትሌተሩ ወደ እኛ ዞሮ ባለቤቷ በላብ እንደ ተጠመቀች አይቷል? ግድግዳው ላይ ያለው የሕፃን ፎቶ የማን እንደ ሆነ ጠይቋል? ቡናው አንዴ ብቻ ሲፈላ ስኳሩ አልቆ እንደ ነበር አስተውሏል? እነዚህን የሚያይ ዓይን እስኪለማመድ ድረስ ሁለተኛ ሰው ሆኖ ይቆያል። በየምሽቱ ወደ እናቱ መደወሉን አልከለክለውም። ሆኖም ከመደወሉ በፊት አብሮት የሚያድረውን ሰው ውሎ እንዲጠይቅ እመክረዋለሁ። እግሩ ጅቡቲ ሆኖ ጆሮው ደሴ የቀረ ልጅ ሁለቱም ጋ የለም።

መስማት የሚማሩበት ዋናው ትምህርት ቤት ፒኬ 12 ነው፤ ከከተማዋ መሃል 12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የሹፌሮች ሰፈር። ከኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ባቡሩ ቢኖርም አብዛኛውን የሚጎትተው ሹፌሩ ነው። በጋላፊ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ይመጣል፤ ጭነት እስኪደርሰው ይጠብቃል። ከተሳቢው ሥር ሸራ ወጥሮ፣ ምድጃ ለኩሶ፣ ረዳቱን ሽንኩርት እያስከተፈ ቀኑን ይቆጥራል። ደሴ ያለው ገበሬ የሚዘራበት ማዳበሪያ በእሱ እጅ አልፎ ነው የሚደርሰው።

እዚያ ሄዶ ቆሞ የሚናገር አገልጋይ አይሰማም። ጀሪካን ገልብጦ የሚቀመጥ ይሰማል። ጥያቄውም ሙያ ይፈልጋል። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ወረቀት፣ ስለ ጭነት ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ሰላይ ወይም ደላላ ይመስላል። «ከየት ተነሳህ? ቤት ማን አለ?» የሚል ግን ወንድም ነው። ሹፌሩ ስለ ልጁ ሲነግርህ በመሃል ጥቅስ አትጥቀስ። ዝም ስትል ከሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር በኋላ እውነተኛው ነገር ይመጣል፦ ሚስቱ ታማለች፤ ወይም መንገድ ላይ ያየው አደጋ እንቅልፍ ነስቶታል። ያኔ «እንጸልይ?» ብለህ ጠይቅ። እሺ ካለ አጭር ጸልይ። ወጡ እያረረ ረጅም ጸሎት የሚጸልይ ሰው የሰውን እራት ሰርቋል።

የመንገዱን ሌላ ተጓዥም እናገኛለን። በእግሩ በረሃውን አቋርጦ ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን የሚያልመው ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ብቻ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ዳርቻ ተገልብጠው በርካታ ኢትዮጵያውያን አልቀዋል። አዲሱ አገልጋይ እንዲህ ያለ ልጅ ሲያገኝ ወዲያው «አትሂድ» ይለዋል። ልክ ነው፤ እኔም አልፈልግም። ግን ያ ልጅ ይህን ቃል አስቀድሞ ከእናቱም ከመምህሩም ሰምቶ ነው የወጣው። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ጥላ፣ ከዚያ «ማን ብለው ይጠሩሃል?» ይቅደም። ሰው መሆኑን ያየለት ሰው ስለ ባሕሩ እውነቱን ሲነግረው ሊሰማ ይችላል። መመለስ ለሚፈልግም ኦቦክ ላይ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት የሚረዳበት ማዕከል እንዳለ እንነግረዋለን። ገንዘብ፣ ቪዛ፣ ሥራ ቃል አንገባም። በመጀመሪያ ቀኑ ቃል የሚገባ አገልጋይ በሁለተኛው ወር ከሰው የሚደበቅ አገልጋይ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ለእያንዳንዱ አዲስ ልጅ ደጋግሜ እነግራለሁ። ያለነው በሰው አገር ነው። የጅቡቲ ሕገ መንግሥት እስልምና የመንግሥት ሃይማኖት መሆኑን ይደነግጋል፤ እምነቶችን ሁሉ እንደሚያከብርም ይናገራል። እኛም በዚህ አክብሮት ጥላ ሥር እናመልካለን። ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር በሰርግ እንደሰታለን፣ በሐዘን እንቀመጣለን፣ በረመዳን ቀን ቀን በአደባባይ አንበላም አንጠጣም። የጠሩን ቤት እንገባለን፤ ያልጠሩንን አንከራከርም። አንዳንድ ወጣት ይህ የድፍረት ማነስ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ የቀረበልህን ውሃ መጠጣትና የአስተናጋጅህን ቤት ሥርዓት ማክበር አንድ ትእዛዝ ነው እላለሁ።

የመጨረሻው መሣሪያችን ትንሽ ደብተር ናት። በሰው ፊት አትወጣም፤ ከቤቱ ከወጣን በኋላ ብቻ ትጻፋለች። የሚጻፈው ስም፣ የመጡበት አገር፣ የሚናፍቁት ሰው ነው። ምስጢርና ዕዳ አይጻፍባትም። ስም ያልኩት ቀላል ነገር አይደለም። በሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ እህቶች ለአሠሪው ምላስ የሚቀል ሌላ ስም ይወጣላቸዋል፤ ዓመት ሁለት ዓመት በዚያ ይጠራሉ። ስለዚህ «ስምሽ ማን ነው?» ብሎ ማለፍ አይበቃም። «እናትሽ ማን ብላ ነው የምትጠራሽ?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱን ስትናገር ድምጿ ይለወጣል፤ ይህን ለውጥ ያልሰማ ጆሮ ገና አልተማረም።

በቅርቡ የተቀበልኩት ልጅ ሁለቱን አርብ በትዕግሥት ተቀመጠ። ቀላል አልነበረም፤ ስብከቱ በደረቱ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይታየኝ ነበር። ጨዋማ ውሃ ጠጣ፤ ጀሪካን ላይ ተቀመጠ፤ በቀትር ተኛ፤ በአራት ቋንቋ አመሰገነ። በሦስተኛው አርብ ተነሥቶ ጉባኤው ፊት ቆመ። ማስታወሻውን ከኪሱ ሲያወጣ ስብከቱ መስሎኝ ነበር፤ ደብተሯ ናት። በውስጧ የተጻፉትን ሰዎች፣ ጉዳያቸውን ሳያነሣ፣ ስማቸውን ብቻ፣ እናቶቻቸው ባወጡላቸው ስም አንድ በአንድ እየጠራ ጸለየላቸው። ጸሎቱ ሲያልቅ በኋለኛው ወንበር የተቀመጠች አንዲት እህት፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ እንዳደረገች፣ ጮክ ብላ «ይህን ስሜን ማን ነገረህ?» አለችው።

«አንቺው ነሽ» አላት። ከዚያ መጽሐፉን ከፈተ።